ቢበዛ ቢበዛ ስንት ይመጣል?

የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ጆሮዬ ጭር አለብኝ። ለካስ ጩኸትም ይለመዳል። ያ ማራገቢያ ዓመት ከዓመት አጠገቤ ሲያጓራ መቼ በተገላገልኩ እያልኩ ኖሬ፣ ስገላገለው ደግሞ ከፋኝ። ጎረቤቶቼ "እሰይ የሺ፣ አሁንማ ዐረፍሽ" ይሉኛል። ዐረፍኩ እላቸዋለሁ። ድካሙ ግን አብሮኝ ነው ጡረታ የወጣው፤ ጠዋት ስነሣ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ አገኘዋለሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር በደንብ የገባው ሰው ጥቂት ነው። ግማሹ ፎቶ ኮፒ የማነሳ ይመስለው ነበር። የገዛ እህቴ እንኳ ሰው ሲጠይቃት "ኮምፒውተር ትጠብቃለች" ነበር የምትል። ሳስበው ከሁሉም ያልተሳሳተች እሷ ናት። ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ስጀምር ጸሐፊ ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ ቢሮዎች እንደገና ሲደራጁ በጽሕፈት መኪና ተፈትኜ አለፍኩና እብናት ተመደብኩ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ኮምፒውተር መጣልን። ወዮ ክብሩ። ያለበት ክፍል ጫማ ሳያወልቁ አይገባም፤ ጠርዙ የተጠለፈ ልብስ ተሰፍቶለታል። ኃላፊዬ ክፍሉን ቆልፎ የሚወጣው ይሰረቃል ብሎ አልነበረም፤ ብዙ ከተሠራበት ይደክማል ብሎ ነው። "ዛሬ ይረፍ" ይለኝ ነበር። እኔን "ረፊ" ያለኝ ኃላፊ ግን እስከ ጡረታዬ አላጋጠመኝም። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ የሚወራለት አልነበረም።

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ያዛወሩኝ የገበሬው መሬት በየወረዳው እየተለካ መረጃው ወደሚጠራቀምበት ማዕከል ነው። ማዕከሉ ዛሬ የለም፤ ሕንጻውም ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል። ጋሽ አየልኝን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

ጋሽ አየልኝ በጉልምስናቸው የስልክ መሥመር ሠራተኛ ነበሩ። ከጋይንት እስከ ፎገራ ሽቦ ሲጎትቱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲዝል ኮምፒውተር ተምረው የማዕከሉ ሰርቨር ኃላፊ ሆኑ። ሰርቨር የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሥራ ሁሉ የሚጠራቀምበት ዋናው ማሽን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ማሽን ከመክፈታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ባርኔጣቸው ውስጥ ያኖራሉ። ቀጥለው ሄደው የውሃውን ቧንቧ ጨበጥ አድርገው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሣቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ይሳለሙታል እንዴ?" አልኳቸው።

"ሳቂ" አሉኝ። "ሰውነትሽ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ አይታወቅሽም እንጂ ለዚህች የማሽኑ ካርድ መብረቅ ነው። ቧንቧው ወደ መሬት ያወርደዋል። ነይ ጨብጪ።"

ጨበጥኩ። እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ስጨብጥ ኖርኩ።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። ገመድ ልንዘረጋ ስንል፣ ዲስክ ልንገዛ ስንል፣ ጠረጴዛ እንኳ ልናስገባ ስንል፣ "ቢበዛ ቢበዛ ስንት ይመጣል?" ይላሉ። ዛሬ ስንት አለ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ያለው ይታያላ፣ ምን ይጠየቃል ይላሉ። ይህን ያመጡት ከኮምፒውተር አይደለም፤ ከእድር ነው። የሰፈራችን እድር የድንኳን ኃላፊ ነበሩ። እኛ ዘንድ ልቅሶ ሲሆን ስንት ሰው እንደሚመጣ አይታወቅም። ጎረቤቱ ይመጣል፣ ከዚያ መርዶ የደረሰው ዘመድ ከገጠር በቡድን በቡድን እየሆነ ይወርዳል። ጋሽ አየልኝ ታዲያ ትንሹን ድንኳን ሲያስተክሉም የምሰሶ ጉድጓዱን ለትልቁ ነው የሚያስቆፍሩት። ትርፉን ጉድጓድ በሣር ይደፍኑታል። ሰው ሲበዛ ሣሩን ማንሣት፣ ምሰሶውን መትከል፣ ሸራውን መቀጠል ብቻ ነው። የተቀመጠ ለቀስተኛ አይነሣም።

"ሰው ከተቀመጠ በኋላ በዶማ ልታስነሺው ነው?" ይሉኝ ነበር። "አስቀድመሽ ቁጠሪ። የመጣውን አይደለም፣ ሊመጣ የሚችለውን።"

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰርቨር በርዳታ መጣ። ውጭ አገር ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ለእኛ ግን አዲስ ነበር። አንድ ያላየነው ጠባይ ነበረው፦ ሳይጠፋ ራም ይጨመርበታል። ራም ማሽኑ እየሠራ ሳለ የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርበት ቦታ ነው፤ ሲያንስ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። እንደ ወትሮው ራም ለመጨመር ማሽኑን አጥፍቶ መክፈት ነው። ይሄኛው በጎኑ መሳቢያ የመሰለ ነገር ስላለው እየሠራ ይጨመርለታል።

የገሳይ አካባቢ ልኬት እየገባ ሳለ ማሽኑ መንቀራፈፍ ጀመረ። ትርፍ ራም አብሮ ስለመጣ ጋሽ አየልኝ "አጥፍተን እንጨምር" አሉ። ኃላፊያችን ደነገጠ። ያን ማሽን ማጥፋት የሚፈራ ነገር ነበር። መብራት ሄዶ የጠፋ ጊዜ እስኪነሣ ግማሽ ቀን አልፎበታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ እንቢ ይላል። የበራ ማሽን አይጠፋም የሚል ሕግ ሳይጻፍ ጸድቆ ነበር፤ ሁላችንም እንደ እሳት ነበር የምንጠብቀው። በዚያ ላይ ከክልል እንግዶች ሊመጡ ነው።

"ሳይጠፋ ይጨመራል ተብሎ የለም እንዴ?" አለ ኃላፊያችን። "ለምን ይጠፋል?"

ጋሽ አየልኝ መመሪያውን ወስደው ቤታቸው አነበቡት። በማግስቱ መጥተው ማሽኑ ቢበዛ ቢበዛ ስንት ራም ሊይዝ እንደሚችል፣ የኃይል ሳጥኑ ይችለው እንደሆነ፣ ሙቀቱ እስከ ስንት እንደሚሄድ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሁሉንም ጠይቀዋል። ሰዓትና ቀለበታቸውን አወለቁ። ቧንቧውን ጨበጡ፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። መሳቢያውን ስበው ራሙን አስገብተው መለሱት። ማሽኑ አንዴ ጢጥ አለ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ የራሙ ቁጥር ጨመረ። የቢሮው ሰው አጨበጨበ። ኃላፊያችን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

ምሳ በልተን ስንመለስ ዲስኩ አልጻፍም እያለ ነበር። የስህተት መልእክት ስክሪኑ ላይ ይዘንባል። ጋሽ አየልኝ ወንበር ሳይስቡ ቆመው ያዩታል። የመረጃ ፋይሎቹ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ስለቀረ ተሰባብረዋል። ማጥፋቱን ሁላችንም የፈራነውን ማሽን በዚያው ቀን አጠፉት። ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ተነሣ። ያው ራም፣ ያው ዲስክ፣ ያው ካርድ፤ አሁን ጤነኛ ነው። ጋሽ አየልኝን የገደላቸው ይሄ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ቢቀር ኖሮ ማሽኑ ነው ይባል ነበር። ጤነኛ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሰው እጅ ነው፣ ሲጨምሩ ነካክተው ነው ተባለ።

"ቧንቧውን ጨብጠዋል፣ አይቻለሁ" ብዬ ነበር።

"አንቺማ የእሳቸው ልጅ ነሽ" አለኝ ኃላፊያችን፤ በዚሁ ተዘጋ።

በየሳምንቱ በካሴት የምናስቀምጠው ቅጂ ነበረን። ከዚያ ወዲህ የገባው የገሳይ ልኬት ግን የለም። ለኪዎቹ እንደገና ተራራውን ወጡ። መሬት ሁለተኛ ጊዜ ሲለካ የመጀመሪያው አይሆንም። አንድ አቶ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ከገሳይ ወጣ ካለ ቀበሌ መጡ። ከወንድማቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ኖረው፣ ልኬቱ ሲመጣ በሽማግሌ ታርቀው፣ ድንጋዩን ሁለቱ በእጃቸው ይዘው ተክለዋል። እንደገና ይለካል ሲባል ወንድማቸው ሐሳቡን ለወጠ፤ ዕርቁም አብሮ ፈረሰ።

ሰውየው በራችን ላይ ቆመው "ያጠፋው ማን ነው?" አሉ።

ጋሽ አየልኝ ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ" አሉ።

አቶ ውበቱ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም። "እኔስ ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር የመጣሁ" አሉ። "ክፉ አይመስሉም።" ይህን ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

ጋሽ አየልኝ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። እስከ ጡረታቸው ወንበርና ወረቀት ሲያስረክቡ ኖሩ። እኔን የከበደኝ ግን የእድሩ ነው። የእድሩን ስብሰባ አስጠርተው "መቁጠር የማይችል ሰው ድንኳን አይተክልም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ" አሉ። የሰፈሩ ሰው ተንጫጫ፣ ለመነ። አልሰሙም። ባለቤታቸው እትዬ ዓለምነሽ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይዘውኝ "አንቺ የሺ፣ እጅህ አያጠፋም ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ። አንቺ ታውቂ የለ? ንገሪው" አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ልቅሶ ሲሆን ትንሹ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ሲበዛ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ጋሽ አየልኝ ዳር ቆመው ያያሉ፤ አይናገሩም።

እኔ በቦታቸው ገባሁ። ቦታው ደስ አላለኝም። ማዕከሉ ሲፈርስ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወርኩ፤ ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ መስኮት ማስከፈት ይወድ ነበር፣ አንዱ ማዘጋት። ማሽኖቹም ተለወጡ፤ ራም መጨመር በማውስ ጠቅ የሚደረግ ነገር ሆነ። በአንድ ማሽን ውስጥ በፕሮግራም ብቻ ሌላ ማሽን እየሠሩ ራሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ማከፋፈል መጣ። ተማርኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ሰው እየደከመም ይማራል።

ጋሽ አየልኝ ካስለመዱኝ አንዱ፣ አዲስ የከርነል እትም ሲወጣ ከመጫኔ በፊት ምን እንደተለወጠ ማንበብ ነው። ከርነል የማሽኑ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ ይነሣል፤ ራሙን ለፕሮግራሞቹ ያከፋፍላል፣ ዲስኩንና የቀረውን ዕቃ ያዛል። አንድ ቀን ይህን አሰልቺ ንባብ እያነበብኩ ከአንዲት አጭር ማብራሪያ ላይ ደረስኩ። ደግሜ አነበብኳት። 

ነገሩ እንዲህ ነው። በራም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ አድራሻ እንለዋለን። ዲስኩን ከራሙ ጋር የሚያገናኘው የዲስክ ካርድ አሮጌ ከሆነ አንዳንዱ ከአራት ጊጋባይት በላይ ያለ አድራሻ መጥራት አይችልም። ከዚያ በላይ የተቀመጠ ነገር ለእሱ የለም። ስለዚህ ከርነሉ መሸጋገሪያ ቦታ ያዘጋጅለታል፤ ከላይ ያለውን ወደ ታች እየገለበጠ ካርዱ በሚደርስበት ያቀርብለታል። ይህን መሸጋገሪያ የሚያዘጋጀው ግን ማሽኑ ሲነሣ ነው። ሲነሣ ራሙ እስከ የት እንደሚደርስ ይቆጥራል፤ ከአራት በታች ከሆነ መሸጋገሪያ ምን ያደርጋል ብሎ ይተወዋል። በኋላ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ራም ሲጨመር አዲሱ ከአራት በላይ ይሰፍራል። መሸጋገሪያ የለም። ካርዱ አልደርስም ይላል፤ ዲስኩ አልጻፍም ይላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን አዲሱንም ራም አብሮ ይቆጥራል፣ መሸጋገሪያውን ያዘጋጃል፣ ጤነኛ ይሆናል። የእኛም ማሽን የሆነው ይኸው ነው።

አዲሱ እትም ያመጣው ለውጥ ምን መሰላችሁ? ከርነሉ ሲነሣ ዛሬ ያለውን ራም ብቻ ቆጥሮ አያቆምም። የማሽኑ ሠሪ ወደፊት ራም ሊጨመርበት ይችላል ብሎ ማሽኑ ውስጥ ያሰፈረውን አድራሻ ሁሉ ያያል፤ ከሁሉ ከፍ ያለውን ይይዛል፤ መሸጋገሪያውን በዚያ ልክ ይወስናል። ቢበዛ ቢበዛ ስንት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው።

ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ንዴት ነበረበት። ያ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሮ፣ ጥያቄውን ባልጠየቀ ማሽን ስሙ ጠፋ።

ያለ ፈተና ግን አልናገርም አልኩ። ማሽን ውስጥ ትንሽ ማሽን ሠራሁ፤ ራሙን አሳንሼ፣ የድሮውን ከርነል ጭኜ፣ አሮጌውን ካርድ የሚመስል ካርድ ሰጠሁት። እየሠራ ራም ጨመርኩበትና ሥራ አበዛሁበት። ያ የማውቀው መልእክት ስክሪኑ ላይ ዘነበ። አዲሱን ከርነል ጭኜ ያንኑ ደገምኩ፤ ጸጥ ብሎ ሠራ።

መጀመሪያ ለድሮው ኃላፊያችን ደወልኩ። ባሕር ዳር ትልቅ ቦታ ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

"የሺ፣ እውነትሽን ይሆናል" አለኝ። "ግን አሁን ይሄ ማንን ይጠቅማል?"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋሽ አየልኝ ቤት ሄድኩ። ከግቢያቸው ጽድ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን በነጠላ ጠቅልለዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ሲያዳምጡ ባዶ ጣታቸውን ቀለበት እንዳለበት ያሽከረክሩታል፤ ቀለበቱ ከጣታቸው መክሳት የተነሣ መውደቅ ስላበዛ እትዬ ዓለምነሽ አስቀምጠውላቸዋል።

"ሊመጣ የሚችለው ማሽኑ ውስጥ ሰፍሮ ነበር?" አሉኝ ስጨርስ።

"ሰፍሮ ነበር ጋሼ።"

"ከርነሉ አላየውም?"

"አላየውም። ያየው የመጣውን ብቻ ነው።"

"እኔስ ላየው እችል ነበር?"

ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር። "አይችሉም ነበር" አልኳቸው። "የሠሩትም ሰዎች አላዩትም። ስንት ማሽን ካስለቀሰ በኋላ ነው ያዩት።"

 ከዚያ ወደ ቤት ዞረው "ዓለምነሽ" ብለው ተጣሩ። "ነይማ እስቲ እዚህ።"

እትዬ ዓለምነሽ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ።

"የሺ፣ ያልሽውን ድገሚላት" አሉ ጋሽ አየልኝ። 

ለእትዬ ዓለምነሽ ስለ ጊጋባይት ምን ብዬ እናገራለሁ? "እትዬ፣ ማሽኑ ድንኳን ሲተክል ጉድጓድ የቆፈረው ለመጣው ሰው ብቻ ነበር" አልኳቸው። "ጋሼ ትርፍ ለቀስተኛ ይዘው ገቡ። ማስገባታቸው ልክ ነው፤ ጉድጓዱ ነው ያልነበረ። አሁን ማሽኑም እንደ እሳቸው መቆፈር ተማረ።"

እትዬ ዓለምነሽ ባላቸውን አዩ። "እጅህ አያጠፋም ብዬህ አልነበር?" አሉ። "ያን ዕለት፣ እራት ሳትበላ የተኛህ ዕለት።" ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጋሽ አየልኝ እጃቸውን በባለቤታቸው ትከሻ ላይ አኖሩ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ሳልሰናበት የወጣሁበት ቤት ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከቤታችን በላይ በኩል የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዐረፉ። ሥራ ስለነበረኝ ረፈድ አድርጌ ሄድኩ። ጋሽ አየልኝ ከግቢው መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዶማ የያዙ ጎረምሶች ከበዋቸዋል፤ እሳቸው በዱላቸው እየጠቆሙ፣ ከተዘረጋው ትንሽ ድንኳን ወዲያ፣ ማንም ያልተቀመጠበትን ሜዳ ያስቆፍራሉ። አንዱ ጎረምሳ ግንባሩን እየጠረገ፣ "ኧረ አባባ፣ ይሄን ያህል ሰው የት አለና ነው?" አላቸው።

"የለም" አሉት። "ቆፍር።"